የተሰበረ ሻንጣ ይዛችሁ ከአዘዞ በር አትውጡ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጥር ሲቃረብ ጎንደር እንግዳ መቀበል ትጀምራለች። ለከተራና ለጥምቀት የሚመጣው፣ ሠርግ የተጠራው፣ እናቱን ሊጠይቅ የሚመጣው ሁሉ አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል። ከሚወርደው ሻንጣ መካከል አንዱ ጎማው ተገንጥሎ፣ አንዱ ጥጉ ተሰንጥቆ፣ አንዱ ዚፑ ፈንድቶ በገመድ ታስሮ መምጣቱ አይቀርም። ባለቤቱ ግን ውጭ ዘመድ ቆሞ እየጠበቀው ነውና «እኔ በሰላም ከገባሁ ምን ቸገረኝ» ብሎ እየጎተተ ይወጣል። በዓሉ አልፎ ሻንጣው ለመመለሻ ሲፈለግ፣ ያን ጊዜ ትኬት ቢሮ መጥቶ «ካሳ ይከፍሉኝ ይሆን?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ አልፏል።

ይህን የምንጽፈው ትኬት በመቁረጥና የተጓዦችን የዕቃ ቅሬታ በማዘጋጀት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። «አየር መንገድ ካሳ አይከፍልም» የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም። ካሳው የሚጠፋው ከዕቃ መረከቢያው እስከ መውጫው በር ባሉት ጥቂት እርምጃዎች ላይ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። ዓለም አቀፍ በረራን የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1999 ሞንትሪያል ላይ የተፈረመው ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። በአንቀጽ 17 መሠረት ተጓዡ አስረክቦ ታግ (ቁጥር ያለበት የሻንጣ መለያ ወረቀት) የተቀበለበት ሻንጣ በአየር መንገዱ እጅ ሳለ ከተጎዳ አየር መንገዱ ይጠየቃል። ማን ወረወረው፣ የት ወደቀ ብሎ ማስረዳት የተጓዡ ዕዳ አይደለም። በእጅ የተያዘ ቦርሳ ላይ ግን የአየር መንገዱ ወይም የሠራተኞቹ ጥፋት መኖሩ መታየት አለበት። እዚህ ላይ ለጎንደር ተጓዥ የሚጠቅም ነገር አለ፦ ወደዚህ በሚበሩት አነስተኛ አውሮፕላኖች የላይኛው የዕቃ መደርደሪያ ጠባብ ስለሆነ፣ በእጅ የተያዘ ጎማ ያለው ቦርሳ ደረጃው ሥር «ይህ አይገባም» ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ታግ ይጠየቅ። ታግ ከታሰረበት ቦርሳው እንደተረከበ ሻንጣ ይቆጠራል፤ ያለ ታግ ከሄደ ግን በኋላ ክርክሩ ብዙ ነው።

አየር መንገዱ የሚያመልጥበት መንገድም አለው። ጉዳቱ ከዕቃው ከራሱ ጉድለት ወይም ባሕርይ የመጣ ከሆነ፣ ወይም ተጓዡ በአስተሻሸጉ ያመጣው ከሆነ፣ በዚያ መጠን ኃላፊነቱ ይቀንሳል ወይም ይቀራል። በላስቲክ ተቋጥሮ የፈሰሰ ቅቤ ያበላሸውን ጋቢ ካሳ ክፈሉኝ ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የካሳው ጣሪያ ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ተጓዥ 1,519 ኤስ.ዲ.አር ነው፤ ከዚያ በፊት 1,288 ነበር። ኤስ.ዲ.አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን ዋጋው በዶላር፣ በዩሮ፣ በዩዋን፣ በየንና በፓውንድ ይሰላል። 1,519ኙ ሲመነዘር ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ይሆናል። ሁለት ነገር ልብ ይባል። መጠኑ ለሰው እንጂ ለሻንጣ አይደለም፤ ሦስት ሻንጣ የያዘ ሰው ሦስት እጥፍ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ጣሪያ እንጂ ድርጎ አይደለም፤ የሚከፈለው የጠፋውና የተረጋገጠው ዋጋ ብቻ ነው። ለንዴትና ለድካም የሚከፈል የለም። ከዚህ ጣሪያ የሚበልጥ ዕቃ የያዘ ሰው ሻንጣውን ሲያስረክብ ዋጋውን አስመዝግቦ፣ ተጨማሪ ክፍያ ከተጠየቀ ከፍሎ መሄድ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው። ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ላፕቶፕና ሰነድ መጀመሪያውኑ በእጅ መያዝ አለባቸው። አየር መንገዶች በጉዞ ውላቸው እነዚህን በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አታስቀምጡ ብለው ስለሚጽፉ ክርክሩ ገና ከመጀመሪያው ይከብዳል።

አሁን ወደ አዘዞ እንመለስ።

ሻንጣው እጅ እንደገባ አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል፦ አራቱን ጎማ በእጅ ማሽከርከር፣ የሚሳበውን እጀታ እስከ መጨረሻው አውጥቶ መመለስ፣ ዚፑን ዙሪያውን መሄድ፣ ጥጎቹን መዳሰስ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጉዳት ካለ ከቦታው ሳይነቃነቁ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት። አንዱ ፎቶ ሙሉ ሻንጣውን ከነታጉ ያሳይ፤ አንዱ ታጉን ብቻ፣ አሥሩ አኃዝ እስኪነበብ ድረስ ቀርቦ፤ ሌሎቹ የተጎዳውን ቦታ ከቅርብና ከሩቅ። በገመድ ወይም በፕላስተር ታስሮ ከወረደ ሳይፈታ ከነገመዱ ይነሳ። ያን ገመድ ያሰረው ተጓዡ አይደለምና፣ ጉዳቱ መንገድ ላይ እንደደረሰ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ታጉን እዚያው ቀድዶ የሚጥል ሰው ብዙ ነው። ታጉም፣ ቦርዲንግ ፓሱም፣ ሲያስረክቡ የተሰጠው ትንሿ ተለጣፊ ወረቀትም ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ይቀመጡ።

ከዚያ የአየር መንገዱን ሠራተኛ ፈልጎ የዕቃ ጉዳት ፎርም ማስሞላት ነው፤ በአየር መንገዶች ቋንቋ ፒ.አይ.አር ይባላል። ሠራተኛው ጉዳቱን አይቶ ኮምፒውተር ላይ ሲመዘግበው አሥር ምልክት ያለው ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት የማረፊያው ኮድ ናቸው፤ የጎንደር ጂ.ዲ.ኪው ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ፊደላት የአየር መንገዱ መለያ፣ የመጨረሻዎቹ አምስት አኃዞች የጉዳዩ ተራ ቁጥር ናቸው። ይህ ቁጥር ሳይያዝ ከአዳራሹ አይወጣም። «ስልክዎን ይስጡን፣ እንደውላለን» የሚባለው መልስ ምዝገባ አይደለም። ፎርሙ ላይ «ሻንጣ ተጎድቷል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ይታረም፤ «የቀኝ የፊት ጎማ ከነመያዣው ተነቅሏል፣ የታችኛው ጥግ አራት ጣት ያህል ተሰንጥቋል» ተብሎ ይጻፍ። ዕቃ ተነክቷል የሚል ጥርጣሬ ካለ ሻንጣው እዚያው ይመዘን። ሲረከብ የተመዘነው ኪሎ ተመዝግቦ አለና፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከብዙ ቃል ይበልጣል። ከውስጥ የጎደለ ዕቃም እንደ ጉዳት ስለሚቆጠር በዚያው በሰባት ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት።

ሰባት ቀን ያልነው በስምምነቱ አንቀጽ 31 የተጻፈውን ነው። የተጎዳ ሻንጣ ከተቀበሉ በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቅሬታ ካልቀረበ፣ አየር መንገዱ ካላጭበረበረ በስተቀር፣ ክስ አይኖርም። የዘገየ ሻንጣ 21 ቀን አለው፤ 21 ቀን ሙሉ ያልመጣም እንደጠፋ ይቆጠራል። ቀናቱ የሥራ ቀን ሳይሆኑ ተከታታይ ቀን መሆናቸው በስምምነቱ በግልጽ ተጽፏል፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ሁሉ ይቆጠራሉ። ጥር 8 የገባ ሰው ከተራን፣ ጥምቀትንና ቃና ዘገሊላን አክብሮ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ቀና ሲል ሰባቱ ቀን ተሟጦ ያገኘዋል። ፎርሙን አዘዞ ላይ የሞላውም ቢሆን ደብዳቤ መጻፍ አለበት፤ ፎርሙ መመዝገቢያ እንጂ የካሳ ጥያቄ አይደለም ብለው የሚከራከሩ አየር መንገዶች አሉ። ሳያይ ከበር የወጣ ሰውም ጨርሶ ተስፋ አይቁረጥ፤ ሰባቱ ቀን ለሱም ይሠራሉ። ብቻ ያለ ቅሬታ የተረከበው ሻንጣ በደህና እንደተሰጠው ስለሚገመት፣ ጉዳቱ ከታክሲው ጣራ ላይ ወድቆ የመጣ አለመሆኑን ማስረዳት የሱ ሸክም ይሆናል። የታክሲው ጣራ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የሚነሳ መከራከሪያ ነው።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ስም በፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ የትኬት ቁጥር (13 አኃዝ ነው)፣ የበረራ ቁጥርና ቀን፣ የታግ ቁጥር፣ የፒ.አይ.አር ቁጥር፣ ጉዳቱ በሁለት መስመር፣ ሻንጣው መቼና በስንት እንደተገዛ፣ የተጎዱ ዕቃዎች ከነዋጋቸው፣ የሚጠየቀው ገንዘብ፣ ተያያዥ ፎቶና ሰነድ። «በጥር 9 ቀን ጎንደር የተረከብሁት ሻንጣ በእናንተ ኃላፊነት ሥር ሳለ ተጎድቷል፤ የጥገናውን ወጪ እንድትከፍሉኝ እጠይቃለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የግድ ትኑር። ለውጭ አየር መንገድ ከሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። በኢሜይል ወይም በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ይላክና የተላከበት ሰዓት የሚታይበት ምስል ይቀመጥ። በእጅ የሚሰጥ ከሆነ በቅጂው ላይ «ደርሶናል» ተብሎ ከነቀኑ ይፈረምበት።

በቀን አቆጣጠር ብዙ ጥያቄ ይበላሻል። እዚህ የተሰጠ ደረሰኝ 14/05/2018 ይላል። ለእኛ ጥር 14 ነው፤ ውጭ ያለው የቅሬታ ሠራተኛ ግን ሜይ 14 ቀን፣ ከጉዞው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አስቀድሞ አድርጎ ያነበዋል። «ደረሰኙ ከበረራው በፊት የተቆረጠ ነው» ብሎ ሲመልስ ተጓዡ ይናደዳል፤ ሰውየው ግን የጻፉለትን ነው ያነበበው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ቀን ጎን የአውሮፓው ይጻፍ። ሰዓትም እንዲሁ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የወረደ ሰው ፎርሙ ላይ 3 ብሎ ከሞላ ሌሊት ሆኖ ይታያል፤ 9 ነው የሚባለው።

ማስረጃውን ማዘጋጀት ሌላው ሥራ ነው። ከመጠገኑ በፊት ፕሮፎርማ ይያዝ። ፒያሳ አካባቢ ወይም ቅዳሜ ገበያ ያለ ጫማ ሰፊ የሻንጣ ዚፕ ይቀይራል፤ ጎማም ከሌላ አሮጌ ሻንጣ ነቅሎ ይገጥማል፤ ሥራው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ደረሰኝ ግን የለውም። ደረሰኝ ከሌለ አድራሻና ፊርማ ያለበት አጭር ጽሑፍ ይሁን፣ ክፍያውም በቴሌብር ወይም በባንክ ይፈጸምና ማረጋገጫው ይያያዝ። የሚጠገን ከሆነ ብዙ አየር መንገዶች ጥገናውን ያስቀድማሉ፤ የማይጠገን ከሆነ «አይጠገንም» የሚል ጽሑፍ ከባለሙያው ይጠየቃል፤ ለአዲስ ሻንጣ የሚከፈለውም ባገለገለበት ዘመን ልክ ተቀንሶ ነው። አምስት ዓመት ያገለገለ ሻንጣ የአዲስ ዋጋ አያወጣም። የተሰበረውን ሻንጣ ግን ክፍያ እስኪያልቅ መጣል አይገባም፤ አምጡና እንየው ሊሉ ይችላሉ።

«ጎማና እጀታ አንከፍልም፣ የዘወትር እርጅና ነው» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ጭረትና ትንሽ ጎድጓዳ ላይ አባባሉ ያስኬዳል። የተነቀለ ጎማ ግን እርጅና አይደለም። የስምምነቱ አንቀጽ 26 የአየር መንገዱን ኃላፊነት ከስምምነቱ በታች የሚያወርድ የውል ቃል ዋጋ የለውም ይላል። ከአሜሪካ ለሚመጡ ደግሞ የዚያው አገር የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አየር መንገዶች ጎማን፣ እጀታንና ማሰሪያን በጅምላ ከኃላፊነት ማውጣት እንደማይችሉ ነግሯቸዋል። ይህ በደብዳቤው በአንድ መስመር ቢጠቀስ መልሱ ሲለወጥ ይታያል።

ማንን እንጠይቅ የሚለው ለጎንደር ሰው ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፤ ከውጭ ሲመጡ ጉዞው ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት በረራ ነውና። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ እስከ ጎንደር በአንድ ትኬት የተቆረጠ ከሆነ፣ የአዲስ አበባ–ጎንደሩ በረራም የዓለም አቀፉ ጉዞ ክፍል ሆኖ በሞንትሪያል ስምምነት ይታያል። አየር መንገዶቹ የተለያዩ ቢሆኑም ተጓዡ የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን፣ ወይም ጉዳቱ በእጁ ሳለ የደረሰበትን መጠየቅ ይችላል፤ በአሠራር የመጨረሻው ነው የሚረከበው። እስከ ቦሌ አንድ ትኬት፣ ከቦሌ ወዲህ ሌላ የአገር ውስጥ ትኬት ለየብቻ ከተገዛ ግን ነገሩ ይለያል። ሁለተኛው በረራ የአገር ውስጥ ነው፤ የሚገዛውም በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የአየር ማጓጓዣ አንቀጾችና በአየር መንገዱ የጉዞ ውል ነው። በዚህ ጊዜ ሻንጣው ቦሌ ላይ ሲወጣ መፈተሽ አለበት። ቦሌ ላይ ተሰብሮ የወጣውን ሻንጣ ሳያዩ ለአገር ውስጥ በረራ ያስረከቡት እንደሆነ፣ አንደኛው «እኔ ደህና አስረክቤያለሁ» ይላል፣ ሌላኛው «ተሰብሮ ነው የመጣልኝ» ይላል፤ ባለቤቱ መሐል ላይ ይቀራል። ትኬት የሚገዙ ሰዎችን አንድ ላይ አስቆርጡ የምንለው ለኮሚሽን ብለን የሚመስለው ሰው አለ።

ጉዳቱ በፍተሻ የመጣ ከሆነም መንገዱ ሌላ ነው። ከአሜሪካ የተነሳ ሻንጣ ተከፍቶ ሲፈተሽ ቲ.ኤስ.ኤ የሚባለው የዚያው አገር የፍተሻ መሥሪያ ቤት የታተመ ወረቀት ውስጡ ያስቀምጣል። ያ ወረቀት ካለና የውስጥ ዕቃ ከተሰበረ ጥያቄው ለቲ.ኤስ.ኤ ነው የሚቀርበው፤ ጊዜውም ሁለት ዓመት ነው። የእነሱ ቁልፍ የማይከፍተው ጓጉንቸር ተቆርጦ ከሆነ ግን አይከፍሉም።

ሲያስረክቡ የሚፈረም አንድ ወረቀትም አለ። ሻንጣው አሮጌ ወይም ከመጠን በላይ የታጨቀ ከሆነ፣ ወይም የሚሰበር ዕቃ እንዳለበት ከተናገሩ፣ የካውንተሩ ሠራተኛ ትንንሽ ሣጥን ያለበት ታግ አምጥቶ አንዱ ላይ ምልክት ያደርግና «ይፈርሙ» ይላል። ያ ፊርማ አየር መንገዱን ምልክት ከተደረገበት ጉዳት ነፃ ለማውጣት ነው። «የሚሰበር» ላይ ምልክት ተደርጎ ጎማ ቢነቀል ግን ፊርማው ጎማውን አይሸፍንም። አንብቦ መፈረም፣ ያለአግባብ ምልክት ከተደረገ ደግሞ እዚያው ማስነሳት ይገባል።

ስለ አስተሻሸግ ጥቂት። ሰፊው አውሮፕላን ሻንጣን በኮንቴይነር ነው የሚጭነው። ወደ ጎንደር የሚመጡት ኪው 400 እና 737 ግን ሻንጣውን አንድ በአንድ በእጅ ይደረድሩታል፤ ከሥር የዋለው የላይኞቹን ሁሉ ይሸከማል። በአየር መንገዶች የተለመደው ልክ ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ ከ32 ኪሎ በላይ የሆነውን በአንድ ሻንጣ አይቀበሉም። 31 ኪሎ የታጨቀ ሻንጣ ዚፑ ቢፈነዳ «ከልክ በላይ ታጭቋል» ይባላል። ወደ ውጭ የወጡ አራት ተሽከርካሪ ጎማዎች መጀመሪያ የሚነቀሉ ናቸው፤ ሁለት ጎማ ያለውና ጎማው ወደ ውስጥ የገባው ይበረክታል። እጀታው እስከ መጨረሻው ካልገባ ይጣመማል፤ የተጣመመ እጀታ ደግሞ ከጎማ ይልቅ ለመጠገን አስቸጋሪ ነው።

ጀበና ሲሰበር መጀመሪያ የሚሄደው አንገቱ ነው። ውስጡን በካልሲ ሞልቶ፣ አንገቱን ለብቻው ጠቅልሎ፣ ከዚያ ሙሉውን በጋቢ አድርጎ ሻንጣው መሐል ላይ ማስቀመጥ፤ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ጋት ይራቅ። ቅቤ ነጥሮ፣ በርዶ፣ ከረጋ በኋላ ክዳኑ በሚጠመዘዝ ዕቃ፣ እስከ አፉ ሳይሞላ፣ ከዚያ በሁለት ላስቲክ። ወደዚህ ለሚመጡ ደግሞ፦ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከዱባይ ወይም ከጅዳ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። እዚያ ተከድኖ የመጣ የሻምፑ ወይም የዘይት ፕላስቲክ እዚህ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በክዳኑ ያስተፋል። ሲከድኑት ፕላስቲኩን ጨምቆ አየሩን ማስወጣት ነው መድኃኒቱ። ከዚህ የሚወጣው ማር ዋሽንግተን ሲደርስ ዕቃው ተጨምድዶ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እሱ እንኳ አያፈስም።

አየር መንገዱ ካልመለሰ ወይም እንቢ ካለ፣ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። ክስ ለመመሥረት ከደረሱበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት አለ፤ መድረሻው ጎንደር ከሆነ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት መክሰስም ይቻላል። ለአንድ ጎማ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም፤ ሁለት ዓመቱ ግን ለድርድር ይጠቅማል።

በጋዜጣችሁ በኩል አንድ ነገር እንጠይቃለን። አዘዞ ላይ ዕቃ መረከቢያው ጋ፣ ከመውጫው በር በፊት፣ «ሻንጣዎ ተጎድቷል? ሳይወጡ እዚህ ያስመዝግቡ፤ ሰባት ቀን ብቻ አለዎት» የሚል በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ ይሰቀል። ከጥር 5 እስከ ጥር 15 ደግሞ የመጨረሻው የምሽት በረራ ተሳፋሪ ወጥቶ እስኪያልቅ ፎርም የሚሞላ አንድ ሰው ከሰሌዳው ሥር ይቀመጥ።

በትኬትና ጉዞ ሥራ ላይ ከተሰማሩ ባለሙያዎች
ፒያሳ፣ ጎንደር